ኮልባኩ ሳይመጣ ሜሞሪውን አትልቀቁ፦ ለአሲንክሮነስ የሲ ላይብረሪ ጸሐፊዎች የአሠራር መመሪያ

ለሐዘን ቤት ከዕድር ድስትና ወንበር የወሰደ ሰው ዕቃው የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ስንት እንደወጣ ተመዝግቧል፤ ለቀስተኛው ሳይበተንም ማንም መጥቶ ወንበሩን ከተቀመጠበት ሰው ሥር አይስብም። በሲ ቋንቋ በሚጻፍ አሲንክሮነስ ላይብረሪ ውስጥ ግን ይህ በየቀኑ ይደረጋል። ሌላው ገና የተቀመጠበት ሜሞሪ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» ባለ ፈንክሽን ይለቀቃል።

አሲንክሮነስ የምንለው ሥራውን አዝዞ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሄደውን አሠራር ነው። ውጤቱ ሲደርስ ኮልባክ በሚባል ፈንክሽን በኩል ይነገረዋል። በተራ ፕሮግራም አንድ ፈንክሽን ሲጀምር ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ሲያልቅ ይለቃል፤ የዕቃው ዕድሜ ከፈንክሽኑ ዕድሜ ጋር እኩል ነው። በአሲንክሮነስ ኮድ ይህ እኩልነት ይፈርሳል። ፈንክሽኑ ተመልሷል፣ ሥራው ግን አላለቀም። ስለዚህ «መቼ ልልቀቀው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን መፈለግ ያለብን ኮልባኩ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚፈልቅ ነው።

ምሳሌ የማደርገው ሊብዩቪን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ለኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከድር አሳሽ ውጭ ለሚያስሮጠው ሥርዓት) ተብሎ የተጀመረ የሲ ላይብረሪ ሲሆን ዛሬ የጁሊያ ቋንቋና ኒዮቪም የተባለው የጽሑፍ አርታኢም ይጠቀሙበታል። በእርሱ ላይ የራሳችሁን ላይብረሪ፣ ለምሳሌ ከሰርቨር ጋር መልእክት የሚለዋወጥ ደንበኛ፣ እየጻፋችሁ ነው እንበል። የፈንክሽን ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በኮዱ ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ነው።

1. ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የአደራ መዝገብ አዘጋጁ

አንድ ወረቀት ውሰዱና አራት ዓምድ አስምሩበት፦ ዕቃው፣ ማን ፈጠረው፣ አሁን በማን እጅ ነው፣ የትኛው ኮልባክ ላይ ይለቀቃል። በሊብዩቪ ውስጥ መዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት ዕቃዎች አራት ዓይነት ናቸው።

ሃንድል ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር ነው፦ የቲሲፒ ግንኙነት፣ ሰዓት ቆጣሪ። ዕድሜው የሚያበቃው ለ«ዩቪ ክሎዝ» የሰጣችሁት ኮልባክ ሲጠራ ነው። ሪኩዌስት ደግሞ የአንድ ጊዜ ሥራ ወረቀት ነው፦ አንድ መጻፍ፣ አንድ መገናኘት። የራሱ ኮልባክ ሲጠራ ያበቃል። ባፈር የሚላከው ወይም የሚመጣው ዳታ ራሱ ነው። አራተኛው እናንተ የምትፈጥሩት ስትራክት (የተለያየ ዳታ በአንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር) ነው፤ እኔ አውድ እለዋለሁ። ሃንድሉንና ሪኩዌስቱን ከላይብረሪያችሁ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ስለሆነ ከሦስቱም በኋላ መሞት አለበት።

በ«አሁን በማን እጅ ነው» ዓምድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ስም ከጻፋችሁ እዚያው ቁሙ። ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው፦ ለአንዱ ቅጂ መስጠት፣ ባለቤትነቱን ለአንዱ አስተላልፎ የሌላውን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ ያዥ) ባዶ ማድረግ፣ ወይም ያዦችን የሚቆጥር ቁጥር ማኖር። «ለጊዜው ሁለቱም ይያዙት» የሚባል አራተኛ ምርጫ የለም። ያየኋቸው ከባድ ብልሽቶች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚህ «ለጊዜው» ነው።

2. ኮልባክ የሚጠብቅ ነገር በስታክ ላይ አይቀመጥ

ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረ ተራ ተለዋዋጭ በስታክ ላይ ይኖራል፣ ፈንክሽኑ ሲመለስም ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የ«ዩቪ ራይት» ሪኩዌስት እንዲህ ከተፈጠረ ሉፑ (ሊብዩቪ እየዞረ ሥራዎችን የሚከታተልበትና ኮልባኮችን የሚጠራበት ዑደት) ኮልባኩን ለመጥራት ሲመጣ የሚያገኘው የሌላ ፈንክሽን ፍርስራሽ ነው። ይህኛው ስሕተት ቶሎ ስለሚታይ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ባፈሩ በስታክ ላይ ሲሆን ነው። በሊነክስና በመሰሎቹ ላይ ሊብዩቪ የሚጠባበቅ ወረፋ ከሌለ ዳታውን እዚያው በጥሪው ውስጥ ወዲያው ለመላክ ይሞክራል። ሁለት መቶ ባይት የሆነች መልእክት በዚህ መንገድ ሳትዘገይ ታልፋለች፣ ሙከራችሁም ሁሉ ይሳካል። ተቀባዩ ሲዘገይና የሶኬቱ ወረፋ ሲሞላ ግን ቀሪው ዳታ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል፤ ያኔ ፈንክሽናችሁ ከተመለሰ ቆይቷል። ሰርቨሩ የሚደርሰው ግማሹ መልእክት፣ ግማሹ እንቶ ፈንቶ ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ስሕተትም አያሳይም፤ የተበላሸ ዳታ ብቻ ይልካል።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የባፈሩን አድራሻና ርዝመት የሚይዘው ትንሹ ስትራክት «ዩቪ ባፍ ቲ» ራሱ በስታክ ላይ ቢሆን ችግር የለም፤ ሊብዩቪ ይቀዳዋል። የማይቀዳው አድራሻው የሚያመለክታቸውን ባይቶች ነው።

3. ሪኩዌስቱንና ዳታውን በአንድ ቁራጭ ሜሞሪ ያዙ

ለመጻፍ የራሳችሁን ስትራክት ሥሩ፦ የመጀመሪያው አባል የሊብዩቪ «ዩቪ ራይት ቲ»፣ ቀጥሎ ወደ አውዱ የሚያመለክት ፖይንተር፣ ቀጥሎ ርዝመት፣ በመጨረሻ ዳታው ራሱ። ለሁሉም በአንድ «ማሎክ» (የሲ ሜሞሪ መጠየቂያ ፈንክሽን) ሜሞሪ ጠይቁ። አንድ ጊዜ የተጠየቀ አንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ሪኩዌስቱ ተለቆ ዳታው የሚቀርበት ወይም የተገላቢጦሽ የሚሆንበት መንገድ አይኖርም። የሊብዩቪ ክፍል መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ኮልባኩ ውስጥ የሚደርሳችሁን ፖይንተር ወደ ራሳችሁ ስትራክት መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

የሚለቀቅበት በር ግን ሁለት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «ዩቪ ራይት» ዜሮ ከመለሰ አደራውን ተቀብሏል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ተሳካም አልተሳካም ኮልባኩ አንድ ጊዜ በእርግጠኝነት ይመጣል፣ የምትለቁትም እዚያ ብቻ ነው። አሉታዊ ቁጥር ከመለሰ ግን አደራውን አልተቀበለም፤ ኮልባኩ አይመጣም፣ እዚያው ወዲያው መልቀቅ የእናንተ ፋንታ ነው። ሁለተኛውን በር የረሳ ሜሞሪ ያፈሳል። በሁለቱም በር የለቀቀ ደግሞ አንዱን ቁራጭ ሁለት ጊዜ መልቀቁ ነው፣ ያ ከማፍሰስ የከፋ ነው። ለሁለቱም በር የሚያገለግል አንድ ትንሽ የመልቀቂያ ፈንክሽን ጻፉና የሪኩዌስቱ «ፍሪ» (ሜሞሪ መልቀቂያው ጥሪ) ከዚያ ውጭ የትም እንዳይታይ አድርጉ።

ተጠቃሚው የሚሰጣችሁን ዳታ ትቀዳላችሁ ወይስ በውሰት ትይዛላችሁ? ይህን በላይብረሪያችሁ ሰነድ ላይ በግልጽ ጻፉት። ኤስኪውላይት የተባለው የዳታቤዝ ላይብረሪ የመረጠው መንገድ የሚያስመሰግን ነው፦ ጽሑፍ ስታስረክቡት አብራችሁ የምትሰጡት የመጨረሻ ግብዓት «ይህ ዳታ አይለወጥም፣ ቅጂ አያስፈልግም»፣ «አሁኑኑ ቅዳው» ወይም «ስትጨርስ በዚህ ፈንክሽን ልቀቀው» ይላል። ባለቤትነቱ በጥሪው ላይ ተጽፏል። ዳታ በኔትወርክ በሚያስተላልፈው ላይብረሪ፣ በሊብከርል ደግሞ ከ7.17.0 ዕትም ጀምሮ የሚሰጡት ጽሑፎች በአጠቃላይ ይቀዳሉ፣ በፖስት የሚላከው ዳታ ግን በተለመደው አማራጭ ሲሰጥ አይቀዳም፤ እንዲቀዳ ከተፈለገ ሌላ አማራጭ አለው። በሰነዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው፣ ሆኖም ልዩነቱን ሳያነብብ አልፎ የተሰናከለ ብዙ ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ትንሽ መልእክት ከሆነ ቅዱት። ጥቂት ኪሎባይት ለመቅዳት የሚፈጀው ጊዜ ከኔትወርክ ጉዞው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ትላልቅ ፋይል የምታሳልፉ ከሆነ በውሰት ያዙ፣ ሲጨርሱ የሚጠራ የመልቀቂያ ፈንክሽንም ከተጠቃሚው ተቀበሉ።

4. በንባብ በኩል ሁሉንም መልሶች አስተናግዱ

ሊብዩቪ ሊያነብብ ሲል መጀመሪያ ባፈር ይጠይቃችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ 65536 ባይት ያህል ስጡኝ ይላል፤ ቀጥሎ በንባብ ኮልባኩ ያነበበውን ይነግራችኋል። ባፈሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእናንተ ነው። የመጣው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሲሆን ዳታ አለ፣ አሉታዊ ሲሆን ስሕተት ወይም የፋይል መጨረሻ ነው፤ እነዚህን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ዜሮ ነው። ዜሮ «አሁን ምንም የለም፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው እንጂ ግንኙነቱ አላበቃም። ብዙ ኮድ በዜሮ ጊዜ ዝም ብሎ ይመለሳል፣ የተሰጠው 64 ኪሎባይትም ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። መልቀቂያውን ከሦስቱም ቅርንጫፎች በታች በአንድ ቦታ አድርጉት።

5. መዝጋትን በሁለት እርምጃ ሥሩ

ሌላውን ሁሉ ቢዘነጉት ይህን ክፍል አንብቡልኝ።

«ዩቪ ክሎዝ» ስሙ ዝጋ ይላል እንጂ የሚያደርገው የመዝጊያ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ጥሪው ሲመለስ ሃንድሉ አሁንም በሉፑ መዝገብ ውስጥ ነው። የሚወጣው በኋላ ነው፣ መውጣቱንም የምታውቁት በመዝጊያ ኮልባኩ ነው።

ከዓመታት በፊት የሠራሁበት ቡድን መልእክት የሚያስተላልፍ ላይብረሪ ነበረው። ቀን በሰላም ይውላል። ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥና የጥበቃ ጊዜ ያለፈባቸው ግንኙነቶች ሲበዙ፣ ይወድቃል። የሚወድቅበት መስመር በየሌሊቱ የተለየ ስለነበር ሦስት ሳምንት የተሳሳተ ቦታ ስንቆፍር ቆየን። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ሁለት ተከታታይ መስመር ነበር፦ በሰዓት ቆጣሪው ላይ «ዩቪ ክሎዝ»፣ ቀጥሎ «ፍሪ»። ያን ያህል ጊዜ እንዴት ሊሰወረን እንደቻለ የገባኝ የሜሞሪውን ባይቶች አንድ በአንድ ሳይ ነው።

በሊነክስ ላይ ጂሊብሲ (የሲ መደበኛ ላይብረሪ፣ ማሎክና ፍሪ የሚገኙበት) በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.26 ዕትም ጀምሮ ለእያንዳንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሮጥ የሥራ መስመር) በቅርብ የተለቀቁ ትናንሽ ቁራጮችን የሚይዝ መደርደሪያ አለው። ቁራጮቹን በሰንሰለት የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ከቁራጮቹ ራሳቸው ይወስዳል። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ የተለቀቀው ቁራጭ የመጀመሪያ 8 ባይት የሰንሰለቱ ማያያዣ ይሆናል፤ በኋላ በመጡት ዕትሞች ቀጣዩ 8 ባይት ላይ የመለያ ምልክት ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባይት ሁሉ እንደነበረ ይቀመጣል። አሁን የሊብዩቪን ሃንድል ተመልከቱ፦ የመጀመሪያው 8 ባይት «ዳታ» የሚባለው፣ ወደ እናንተ አውድ የሚያመለክተው ፖይንተር ነው። ሁለተኛው ወደ ሉፑ የሚያመለክተው ነው። የመዝጊያ ኮልባኩ አድራሻ የሚገኘው ከእነርሱ በኋላ፣ ባልተነካው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ቁራጩን ካልወሰደው በቀር ሉፑ የሞተውን ሃንድል ይዞ ኮልባኩን በትክክል ሊጠራ ይችላል። ኮልባኩ «ዳታ»ን ሲከፍት ግን የራሱን አውድ ያገኘ መስሎት የአሎኬተሩን (የሜሞሪ አዳዩን) ሰንሰለት ይጨብጣል። በዚህ መሐል አዲስ ግንኙነት መጥቶ ያንኑ ቁራጭ ወስዶት ከሆነ ደግሞ የሚበላሸው ምንም ያላጠፋው አዲሱ ግንኙነት ነው። ቀን ቀን መዝጋት ስለማይበዛ ጥፋቱ አይገናኝም፤ ሌሊት ግን መዝጋትና መክፈት ተደራርቦ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። በአውዱ ውስጥ «ክፍት ሃንድሎች» የሚል ቁጥር አኑሩ። የቲሲፒ ሃንድሉ ሲነሣ አንድ ጨምሩ፣ ሰዓት ቆጣሪው ሲነሣ አንድ። መዝጋት ሲያስፈልግ መጀመሪያ «እየተዘጋ ነው» የሚለውን ምልክት አብሩ፣ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ «ዩቪ ክሎዝ» ጥሩ። እየተዘጋ ባለ ሃንድል ላይ በድጋሚ መጥራት ፕሮግራሙን ያስቆመዋልና አስቀድማችሁ በ«ዩቪ ኢዝ ክሎዚንግ» ጠይቁ። ለሁሉም አንድ የመዝጊያ ኮልባክ ስጡ፤ በተጠራ ቁጥር ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ አውዱን ይለቃል። የትኛው ሃንድል ቀድሞ ይዘጋል ብላችሁ መገመት አያስፈልጋችሁም፤ የመጨረሻው ወጪ በሩን ይዘጋል።

ሁለት ነገር አብራችሁ ያዙ። አንደኛ፣ «ዩቪ ቲሲፒ ኢኒት» የተጠራበት ሃንድል ከማንም ጋር ባይገናኝም በሉፑ መዝገብ ገብቷል። «ገና ምንም አላደረገም» ብላችሁ ያለ «ዩቪ ክሎዝ» ከለቀቃችሁት የሉፑ ሰንሰለት መሐሉ ተበጥሶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሲዘጋ ያልተላኩ ጽሑፎች ቢኖሩ ኮልባካቸው «ተሰርዟል» በሚል ስሕተት ይጠራል፤ ያም ከመዝጊያ ኮልባኩ ይቀድማል። ስለዚህ እየዞራችሁ የተንጠለጠሉ ሪኩዌስቶችን አትልቀቁ፤ በራቸው ያው የደረጃ 3 በር ነው፣ አውዱም እስከዚያ በሕይወት አለ።

ከዚህ የሚከተለው ለተጠቃሚው የምትሰጡት «አጥፋ» የሚል ፈንክሽንም ወዲያው ጨርሻለሁ ማለት እንደማይችል ነው። «ሲያልቅ ይህን ጥራልኝ» የሚል ኮልባክ ይቀበል። ያለበለዚያ ተጠቃሚው የራሱን ዕቃ መቼ እንደሚለቅ ማወቂያ አይኖረውም፣ የእናንተ ስሕተት ወደ እርሱ ኮድ ይዛመታል።

6. ተጠቃሚው በኮልባኩ ውስጥ ሊያጠፋችሁ እንደሚችል አስቡ

መልእክት ደረሰ፣ የተጠቃሚውን ኮልባክ ጠራችሁ፣ እርሱም «የምፈልገውን አግኝቻለሁ» ብሎ እዚያው ውስጥ «አጥፋ»ን ጠራ። ይህ መብቱ ነው። ኮልባኩ ሲመለስ ግን እናንተ በአንድ ባፈር ከመጡት አምስት መልእክቶች ገና ሁለተኛው ላይ ናችሁ፤ ሦስተኛውን ለመስጠት አውዱን ስትነኩ ምን ታገኛላችሁ?

የተጠቃሚ ኮልባክ ከመጥራታችሁ በፊት የአውዱን የያዦች ቁጥር በአንድ ከፍ አድርጉ፣ ንባቡን ስትጨርሱ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላም «እየተዘጋ ነው» የሚለውን ምልክት አይታችሁ፣ በርቶ ከሆነ ቀሪዎቹን መልእክቶች ትታችሁ ውጡ። የያዦች ቁጥርና የክፍት ሃንድሎች ቁጥር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲያውም አንድ ቢሆኑ ይሻላል፣ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ አንድ ብቻ ይሆናልና።

7. በሲ ፕላስ ፕላስ የምትጽፉ ከሆነ

ቆጠራውን ቋንቋው ይሠራላችኋል። ከ2011ዱ (እ.ኤ.አ.) የቋንቋው ደረጃ ጀምሮ ያለው ሼርድ ፖይንተር ያዦችን ይቆጥራል፤ በኮልባክ የሚሰጠው ላምዳ (ስም የሌለው ፈንክሽን) የባለቤቱን ሼርድ ፖይንተር ይዞ ከሄደ ላምዳው እስኪመለስ ባለቤቱ በሕይወት ይጠብቀዋል። አደጋው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል፦ ላምዳው ባለቤቱን ይይዛል፣ ባለቤቱ ደግሞ ላምዳውን አባሉ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ተቃቅፈው ቁጥራቸው ዜሮ አይደርስም። ለአንድ ጊዜ ሥራ ሼርድ ፖይንተር ያዙ፤ እየተደጋገመ ለሚጠራ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ላለው ግን ዊክ ፖይንተር (ከያዦች ሳይቆጠር የሚያመለክት) ስጡና በተጠራ ቁጥር «ባለቤቴ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። በኮሩቲን (መሐል ላይ ቆሞ በኋላ ከቆመበት በሚቀጥል ፈንክሽን) የምትሠሩ ደግሞ በሪፈረንስ፣ ማለትም ሳይቀዳ በአድራሻው፣ የምትቀበሉትን ግብዓት ተጠንቀቁ፤ ኮሩቲኑ ቆሞ ሲነሣ የሚያመለክተው ነገር ሞቶ ሊሆን ይችላል። በቅጂ ተቀበሉት።

8. ከሌላ ትሬድ የሚመጣ ነገር

በሊብዩቪ ከሌላ ትሬድ ያለ ሥጋት የሚጠራው «ዩቪ አሲንክ ሴንድ» ብቻ ነው ብላችሁ ያዙ። ሃንድል መክፈት፣ መጻፍ፣ መዝጋት የሉፑ ትሬድ ሥራ ነው። «ዩቪ አሲንክ ሴንድ» ራሱ ጥሪዎችን ያጣምራል፦ አሥር ጊዜ ብትጠሩት ኮልባኩ አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ዳታውን በሃንድሉ «ዳታ» ላይ ሰቅሎ መጥራት ዘጠኙን ማጣት፣ ሜሞሪያቸውንም ማፍሰስ ነው። በቁልፍ የሚጠበቅ ወረፋ ሥሩ፣ ላኪው ወረፋው ላይ ሲያኖር ባለቤትነቱን ይለቃል፣ ኮልባኩ በተጠራ ቁጥር ወረፋውን እስከ መጨረሻው ያራግፋል።

ከባድ ስሌት ወደ ትሬዶቹ ገንዳ ስትልኩ በ«ዩቪ ኪው ወርክ» ነው። ገንዳው ካልነካችሁት 4 ትሬድ አለው፣ በአካባቢ ተለዋዋጭ (ከፕሮግራሙ ውጭ በሚሰጥ ቅንብር) እስከ 1024 ማሳደግ ይቻላል። ሥራውን መሰረዝ የሚቻለው ገና ካልተጀመረ ብቻ ነው፤ ተጀምሮ ከሆነ «ዩቪ ካንስል» እምቢ ይላል። ተሰረዘም ተሠራም የማጠናቀቂያ ኮልባኩ ይመጣል፣ መልቀቅም እዚያ ነው። በሁለት ትሬድ የሚነካ የያዦች ቁጥር አቶሚክ (በአንድ የማይከፈል እርምጃ የሚለወጥ) መሆን አለበት። ቅነሳው የሪሊስ ሥርዓት ይኑረው፣ ከመልቀቁ በፊት ደግሞ አኳየር ይኑር፤ ያለዚያ አንዱ ትሬድ የጻፈው ሳይታይ ሌላው ሊለቅ ይችላል።

9. ድልድዩ፦ ኖድ ጄኤስና ጃቫ

ላይብረሪያችሁን ቆሻሻ ሰብሳቢ (የማይፈለግ ሜሞሪን በራሱ የሚለቅ ክፍል) ያለው ቋንቋ ከጠራው ሁለት የሜሞሪ ሕግ በአንድ ቤት ይኖራል። በኖድ ጄኤስ በኩል የመጣ ባፈር አድራሻውን ብቻ ይዛችሁ ወደ ትሬዶቹ ገንዳ ከላካችሁት ሰብሳቢው «የሚፈልገው የለም» ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በ«ናፒ ክሪኤት ሪፈረንስ» ያዙት፣ በማጠናቀቂያው ላይ ልቀቁ፤ በገንዳው ትሬድ ውስጥ የጃቫስክሪፕት ዕቃ አትንኩ። ባፈሩን ብትይዙትም የጃቫስክሪፕት ኮዱ በመሐል ይዘቱን ሊለውጥ ይችላል፣ ይህ የማይፈለግ ከሆነ ቅዱ።

በጃቫ በኩል የሚደርሳችሁ ሎካል ሪፈረንስ የሚሠራው ፈንክሽናችሁ እስኪመለስ ብቻ ነው። ለኮልባክ የምታቆዩትን በ«ኒው ግሎባል ሬፍ» አድሱ፣ ሲያልቅ በ«ዲሊት ግሎባል ሬፍ» መልሱ። የጄኤንአይ (ጃቫን ከሲ ኮድ ጋር የሚያገናኘው በይነገጽ) አካባቢ ፖይንተሩ የአንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ልታቆዩት የምትችሉት የጃቫ ቪኤም ፖይንተርን ነው። ደግሞም እናንተ ራሳችሁ ወደ ጃቫ ያያያዛችሁት ትሬድ ውስጥ የተፈጠሩ ሎካል ሪፈረንሶች ትሬዱ እስኪላቀቅ ድረስ በራሳቸው አይለቀቁም። ለቀናት የሚሮጥ ትሬድ ከሆነ በእጃችሁ ልቀቋቸው።

10. ስሕተቱን ቀን በቀን አውጡት

ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ሁለቱም አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባል መሣሪያ አላቸው። የተለቀቀን ሜሞሪ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ ለብቻው ያቆየዋል፣ የነካውንም ሰው ከነተለቀቀበት መስመር ያሳያል። ፕሮግራሙን በሁለት እጥፍ ገደማ ያዘገየዋል። ያ የሦስት ሳምንት ቁፋሮአችን በዚህ መሣሪያ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የትሬድ ሽሚያን የሚያወጣው ትሬድ ሳኒታይዘር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ግንባታ አብረው አይሄዱም፣ ለየብቻ ገንቡ። የራሳችሁን የሜሞሪ ገንዳ የምትጠቀሙ ከሆነ በሙከራ ጊዜ አጥፉት፤ ከገንዳው ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ መሣሪያው አያይም። በሳኒታይዘር መገንባት በማይቻልበት ቦታ ጂሊብሲ «ማሎክ ፐርተርብ» የሚል የአካባቢ ተለዋዋጭ አለው፦ የተለቀቀውን ሜሞሪ በምትመርጡት ባይት ሊሞላው ይችላል፣ የሞተ ዕቃ በሕይወት ያለ መስሎ እንዳያታልላችሁ ይረዳል፤ በትሬዱ መደርደሪያ ውስጥ የገቡትን ትናንሽ ቁራጮች ግን ላይሞላ ይችላል።

መሣሪያው የሚያየው የሮጠውን መንገድ ብቻ ስለሆነ ክፉ ሰርቨር ጻፉ። ግንኙነት የሚከለክል፣ ተቀብሎ የማያነብብ፣ በመልእክቱ አጋማሽ የሚቆርጥ፣ ከጥበቃ ጊዜው በኋላ የሚመልስ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጊዜ «አጥፋ»ን ከውጭ፣ አንድ ጊዜ ከኮልባክ ውስጥ ጥሩ። እያንዳንዱ ሙከራ ሲያበቃ «ዩቪ ሉፕ ክሎዝ» ዜሮ መመለስ አለበት። «ሥራ ላይ ነኝ» ካለ ያልተዘጋ ነገር አለ፤ «ዩቪ ዎክ»ን ጠርታችሁ የቀሩትን ሃንድሎች ዓይነት አትሙ።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በየደቂቃው ሁለት ቁጥር ወደ መዝገብ ጻፉ፦ በሕይወት ያሉ አውዶች ብዛትና ኮልባካቸውን የሚጠብቁ ሪኩዌስቶች ብዛት። ጭነቱ ወደሚቀንስበት ሌሊት ሂዱና ከክፍት ግንኙነቶች ቁጥር ጎን አስቀምጧቸው። ግንኙነቱ ወርዶ አውዶቹ ካልወረዱ ደረጃ 5ን፣ ሪኩዌስቶቹ ካልወረዱ ደረጃ 3ን ደግማችሁ ፈትሹ።